የኮምፒዩተርን ሥራ ጥቂት በጥቂት ስለ ማሻሻል

በዛሬው ዘመን ባለጉዳይን ከመስኮት ላይ ከሚያሰናብቱት ቃላት ሁሉ የታወቀው «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ቀድሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር፤ ስብሰባው ግን ምሽት ላይ መፈጸሙ አይቀርም። ሲስተም የጠፋ እንደ ሆነ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም መቼ እንደሚመለስ ስለማያውቁ ሁለቱም በመስኮቱ ግራና ቀኝ እየተያዩ ይቀመጣሉ። ከዚህ ጋራ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ይሰማል። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል» የሚል ማስታወቂያ እናያለን፤ አንዳንዶቻችንም «ትናንት ተሻሽሎ አልነበረም ወይ? ይህ ነገር መቼ ተሠርቶ ያልቃል?» እያልን እናማርራለን። እነዚህ ሁለት ቅሬታዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። በእርግጥ ግን የሁለተኛው ነገር በደንብ መሠራት የመጀመሪያውን ችግር ከሚያቃልሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ይህን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሶፍትዌር ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተር የሚሠራበት በጽሑፍ የተደረደረ ትእዛዝ ማለት ነው። የአንድ ትልቅ ባንክ ወይም የአንድ የግብር መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ብዙ መቶ ሺህ፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሚሊዮን የትእዛዝ መስመሮች ይኖሩታል። ይህን ያህል ጽሑፍ ያለ ግድፈት መጻፍ ለሰው ልጅ አይቻልም። ግድፈት ባይኖርበት እንኳ ሶፍትዌሩ የሚያገለግለው ሕግና መመሪያ ይለወጣል፤ የግብር መጣኔ ይሻሻላል፤ አዲስ ቅጽ ይወጣል፤ ሌቦችም በየጊዜው አዲስ መግቢያ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሶፍትዌር እንደ ቤት ተሠርቶ ቁልፉ የሚሰጥ ነገር ሊሆን አይችልም። ይልቁንም በየዓመቱ እንደሚታረስ መሬት ነው፤ የማይታረሰው ዳዋ ይበላዋል። እንግዲህ ሶፍትዌር መለወጡ ግድ ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ለውጡ በጅምላ ይምጣ ወይስ ጥቂት በጥቂት የሚለው ነው።

በቀድሞው ዘመን የጅምላው አሠራር በቂ ምክንያት ነበረው። ሶፍትዌር በዲስክ ተቀድቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ተጭኖ ለገዢው ይላክ ነበር። በየሳምንቱ ካርቶን መላክ ስለማይቻል ሠሪዎቹ ለውጡን ሁሉ ለዓመታት አጠራቅመው ባንድ ጊዜ ያወጡ ነበር። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ ኤክስፒን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ካወጣ በኋላ ተከታዩን ዊንዶውስ ቪስታን ለሕዝብ ያቀረበው በጃንዋሪ 2007 ነው። በመካከሉ ከአምስት ዓመት በላይ አልፏል። ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ግን የካርቶኑና የመርከቡ ምክንያት ቀረ። ክሮም የተባለው የጉግል የኢንተርኔት መመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በየስድስት ሳምንቱ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ አዲስ እትም እንዲወጣለት ተደረገ። በድርጅቶች ውስጥ የሚሠራባቸው አገልግሎቶች ከዚህም ፈጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆን ኦልስፖና ፖል ሃሞንድ የተባሉ የፍሊከር ባለሙያዎች፣ ሥዕለ ብርሃን የሚቀመጥበትን ድርጅታቸውን ሶፍትዌር በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ እንደሚለውጡ በአንድ ጉባኤ ላይ በገለጡ ጊዜ ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2011 የአማዞን ኩባንያ ባለሙያ በሥራ ቀን በአማካይ በየ11.6 ሴኮንዱ አንድ ለውጥ በሥራ ላይ እንደሚያውሉ ተናገረ።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን አስፈለገ? የዚህን ምክንያት የመንግሥት ሠራተኛ ከማንም የበለጠ ሊረዳው ይችላል። አንድ ገንዘብ ያዥ ማታ ማታ ሳጥኑን ዘግቶ ገንዘቡን ከደረሰኙ ጋራ ያመሳክራል። ሃያ ብር ቢጎድል የሚመረምረው የዚያን ቀን ደረሰኞች ብቻ ስለ ሆነ፣ ባለጉዳዩም መልኩ ከአእምሮው ስላልጠፋ፣ ጉድለቱን ብዙ ሳይደክም ያገኘዋል። ይኸው ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ዓመቱን ሙሉ ሳያመሳክር ቆይቶ ሰኔ 30 ቀን ቢቆጥር ግን ያው ሃያ ብር በሺህ በሚቆጠሩ ደረሰኞች መካከል ይሰወርበታል። የጎደለው ገንዘብ አንድ ዐይነት ነው፤ የሚለየው የፍለጋው ድካም ነው።

በሶፍትዌርም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ምክንያቱም ለውጦች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ሦስት ለውጦች ባንድ ቀን ሥራ ላይ ቢውሉ ሁለት ሁለቱን ብናጣምር የሚገኙት ጥንዶች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስት መቶ ለውጦች ባንድ ሌሊት ቢገቡ ግን ጥንዶቹ 44,850 ይሆናሉ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተሙ ቢቆም ባለሙያው ጥፋቱን የሚፈልገው በሦስት መቶው ለውጥና በእነዚህ ሁሉ ግጥሚያዎች መካከል ነው። በዚያም ላይ ለውጡን የጻፈው ሰው ሥራውን ከጨረሰ ወራት አልፈው ረስቶት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ያሉት ለመረዳዳት ጥቅም ነው። ኃምሳውን ለውጥ በአንድ ሌሊት ላይ ከመጫን ለኃምሳ ቀን ማከፋፈልም ከዚያው ጥበብ ይመደባል።

የጅምላ ለውጥ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል በብሪታንያ የደረሰው ያስረዳናል። ቲኤስቢ የተባለው ባንክ 5.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞቹን ከቀድሞው ሲስተም ወደ አዲሱ ለማዛወር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 አንድ የሳምንት መጨረሻ መረጠ። መዛግብቱ ራሳቸው ተዛወሩ፤ አዲሱ ሲስተም ግን ሸክሙን ሊሸከም አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን በኢንተርኔትና በስልክ ማየት ተሳናቸው። ደመወዛቸው የት እንደ ደረሰ ሳያውቁ የሰነበቱ ነበሩ። የባንኩ ሥራ ፈጽሞ ወደ ደንቡ የተመለሰው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ነው። በ2022 መጨረሻ ላይም የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ቀደም ሲል በ2019 የወጣው የመርማሪዎች ሪፖርት ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ዝውውሩ በአብዛኛው ባንድ ጊዜ እንዲፈጸም መወሰኑ ነበር።

እንግዲህ ጥቂት በጥቂት የማሻሻሉ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል እንመልከት። ጄዝ ሃምብልና ዴቪድ ፋርሊ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አሠራር በሰፊው አብራርተውታል፤ ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎችም አምስት ናቸው ለማለት ይቻላል።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ባለሙያ የሠራውን በግል ማሽኑ ላይ ሳያከማች በየቀኑ ወደ አንድ የጋራ መዝገብ ያስገባል። ለዚህ የሚያገለግለው ጊት የተባለው መሣሪያ በሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራ ነው። ጊት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደ ለወጠ ይመዘግባል። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ብንናገር ፊርማና ቀን የሌለው ወረቀት ወደ ፋይሉ አይገባም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ለውጡ በገባ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ አስቀድሞ የተጻፉለትን ፈተናዎች ሁሉ ያካሂዳል። «ደመወዙ ይህን ያህል የሆነ ሠራተኛ ግብሩ ስንት ነው? ሒሳቡ ባዶ የሆነ ደንበኛ ገንዘብ ላውጣ ቢል ምን ይመለስለታል?» የሚሉ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይጠየቃሉ። አንዱ እንኳ ቢሳሳት ለውጡ ከደጃፉ አያልፍም። ሰው ይህን ሁሉ በየቀኑ ቢፈትሽ ይሰለቻል፤ ማሽን ግን አይሰለችም።

ሦስተኛ፤ ፈተናውን ያለፈው ለውጥ ለሁሉም ባንድ ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያ ጥቂት ማሽኖች ወይም ከመቶ አንዱ ደንበኛ ብቻ ያገኘዋል። ባለሙያዎች ይህን የመጀመሪያ ቡድን ካናሪ ይሉታል። ስሙ የተወሰደው የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መርዘኛ ጋዝ አስቀድማ እንድትጠቁማቸው ወደ ጉድጓድ ይዘዋት ይወርዱ ከነበረችው ትንሽ ወፍ ነው።

አራተኛ፤ አዲሱ ለውጥ በገባባቸው ማሽኖች ላይ ስሕተት መብዛቱን ወይም አገልግሎቱ መዘግየቱን መቆጣጠሪያዎች በየደቂቃው ይከታተላሉ። ደኅና ሲሆን ለውጡ ወደ አሥር በመቶ፣ ከዚያም ወደ ኃምሳ፣ በመጨረሻም ለሁሉም ይደርሳል።

አምስተኛ፤ ደኅና ካልሆነ ሲስተሙ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚመለሰው ትንሽ ነገር ስለ ሆነ መመለሱ ቀላል ነው። ሰፊው ሕዝብም ነገሩን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት አንሥቶ ይቃወመን ይሆናል። በየቀኑ ከመቸኮል ይልቅ በጥንቃቄ ቆይቶ ማውጣት አይሻልም ወይ ይላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በማን ላይ እንደሚፈጸም መለየት ያስፈልጋል። መቀነቱ የሚፈታው በሩጫ መካከል በእጅ ለሚታጠቅ ሰው ነው። ለዚህም የታወቀ ምሳሌ አለ። ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋለ። ሶፍትዌሩ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መቀዳት ሲገባው ቀጂው ባለሙያ አንዱን ሰርቨር ዘለለው። ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥ የሚያዝ የጽሑፍ ደንብ አልነበረም። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሠራበት የቆየ አሮጌ ትእዛዝ ነቅቶ ያለ ገደብ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ወደ ሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ልብ ያላቸው ግን አልነበረም። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጽመው ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሠራተኞቹ በድንጋጤ አዲሱን ሶፍትዌር በደንብ ከገባባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ነቅለው ጥፋቱን ማባባሳቸው ነው። ማሽን ቢቀዳው ኖሮ ስምንቱን ሰርቨር እኩል ቀድቶ፣ እኩል መሆናቸውንም አረጋግጦ ያስታውቅ ነበር። የመመለሻውም መንገድ አስቀድሞ ተፈትኖ ቢቀመጥ ኖሮ በጭንቀት ሰዓት መላ መምታት ባላስፈለገ ነበር።

ደግሞም ማሽን ይሥራው ማለት ማሽኑ ያለ ልጓም ይለቀቅ ማለት አይደለም። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 19 ቀን 2024 አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ሁሉ ላከ። ማሻሻያዋ ትንሽ ነበረች፤ የተላከችውም በማሽን ነበር። ነገር ግን ፈታሹ ሶፍትዌር ራሱ ግድፈት ስለ ነበረበት ስሕተቷን አሳለፈው። ከዚህም ሁሉ በላይ ከላይ የተገለጠው ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም ለጥቂቶች አስቀድሞ መስጠት፣ ለዚህ ዐይነት ማሻሻያ አልተሠራበትም ነበር። ኩባንያው ማሻሻያዋን በ78 ደቂቃ ውስጥ መለሳት። ሆኖም ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ቆመዋል። የቆሙት ማሽኖች መነሣት ስላቃታቸው አብዛኞቹን አንድ በአንድ በእጅ መጠገን አስፈለገ፤ አውሮፕላኖች ከበረራ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሰረዙ። እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ትምህርት ይገኛል። ትንሽነት፣ የማሽን ፈተና፣ ደረጃ በደረጃ ማዳረስና ፈጥኖ መመለስ እንደ ወንበር አራት እግሮች ናቸው፤ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የተቀመጠበት ሰው ይወድቃል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ እክል ምክንያት አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን ገለጠ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም እክሉ የደረሰው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ መሆኑን አስታወቀ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ ባንኩ በኋላ ተናግሯል፤ ከገንዘቡም ብዙው ተመልሷል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ በማስታወቂያ እስከ መለመን ደርሰው ነበር። የዚያን ሌሊት ሥራ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። እኛ የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ በሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ በሌላ ክፍል የሚሠራ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቤት ገንዘብ የሚነካ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ይህ አሠራር ወሰን እንዳለው መግለጥም ይገባል። የአውሮፕላን መሪ ወይም የልብ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ረዥም ምርመራና ፈቃድ ሳያገኝ በየቀኑ ሊለወጥ አይገባውም። የተጻፈ ትእዛዝ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል፤ ከባንክ የወጣ ገንዘብና ለባለጉዳይ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ግን በአንድ ቁልፍ አይመለሱም፤ ስለዚህ መዛግብትን የሚነኩ ለውጦች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ኢንተርኔት በሚወደድበትና በሚደክምበት ስፍራም በየጊዜው የሚመጣ ማሻሻያ የተጠቃሚውን ፓኬጅ ስለሚበላ፣ ማሻሻያው የተለወጠውን ክፍል ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የመስኮት ሠራተኛም ዛሬ የለመደው ገጽ ነገ ጠዋት ተለውጦ ቢያገኘው ሥራው ይሰናከላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያዎች አዲሱን ሥራ አስቀድመው በስውር ያስገቡና ሠራተኛው ከተማረ በኋላ እንደ መብራት ማብሪያ ይከፍቱለታል።

በመጨረሻም ይህ ዕውቀት በመሥሪያ ቤት ምን ፋይዳ እንዳለው እንናገር። ሶፍትዌር ለመግዛት የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ፣ ውል የሚፈራረሙ፣ በርክክብ ኮሚቴ የሚቀመጡ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አይደሉም፤ እንደ እናንተ ያሉ የአስተዳደር፣ የሒሳብና የሕግ ሰዎች ናቸው። የተለመደው አሠራር ፍላጎትን ሁሉ በአንድ ሰነድ ጽፎ፣ ሁለት ዓመት ጠብቆ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መረከብ ነው። ሲስተሙ በሚመጣበት ቀን ግን መመሪያው ተለውጦ ይገኛል፤ ሠራተኛውም ጎን ለጎን አሮጌውን የወረቀት መዝገብ ይዞ መሥራት ይጀምራል። በዚህ መካከል የሚጉላላው ከገጠር ድረስ የመጣው ባለጉዳይ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ አቅራቢውን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት። ሥራውን በክፍል በክፍል እያስረከበ ክፍያውንም እንዲሁ ሊቀበል ይችላል ወይ? አገልግሎቱን ሳያቆም በዓመት ስንት ጊዜ ማሻሻያ ሊያስገባ ይችላል? ፈተናዎቹን የሚያካሂደው ማሽን ነው ወይስ ሰው? ፈተናዎቹስ ከሶፍትዌሩ ጋራ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣሉ ወይ? አዲስ ለውጥ በአንድ ቅርንጫፍ ተሞክሮ ነው ወይ ለሌሎቹ የሚዳረሰው? ነገሩ ቢበላሽ በስንት ደቂቃ ወደ ቀድሞው ይመለሳል? ይህስ በፊታችን ሊታይ ይችላል ወይ? «ሲስተማችን አይበላሽም» ብሎ የሚመልስ አቅራቢ ቢያጋጥማችሁ ጥያቄውን ድገሙለት፤ የማይበላሽ ሲስተም የለምና። «ሲበላሽ በዚህን ያህል ደቂቃ እንመልሰዋለን» ብሎ የሚያሳያችሁን ግን በጥሞና ስሙት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኒኮል ፎርስግሬንና ባልደረቦቿ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያሻሽሉ ድርጅቶች አገልግሎታቸው ብዙም እንደማይቋረጥና ሲቋረጥም ፈጥነው እንደሚነሡ አሳይተዋል። ፍጥነትና ጥንቃቄ ጠላቶች ናቸው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በዚህ ሥራ ላይ አልጸናም። ለውጥን ማዘግየት ጥፋትን ያጠራቅማል፤ ለውጥን ማሳነስ ግን ጥፋትን ያሳንሳል። ገንዘብ ያዡ ማታ ማታ ሳጥኑን የሚቆጥረው ሥራው ስላላለቀ አይደለም፤ ነገ ጠዋት መስኮቱን በእምነት ለመክፈት ነው። ሲስተሞቻችንም እንዲሁ በየቀኑ የሚመረመሩና የሚቃኑ ሆነው ባለጉዳዩ በሄደበት ሰዓት ጉዳዩ ተፈጽሞለት እንዲመለስ ያስችሉን ዘንድ፣ በየኮሚቴው የምትቀመጡ ሁሉ ጥያቄውን ከዛሬ እንድትጀምሩ በማሳሰብ ንግግራችንን እንፈጽማለን።